አሥራ ሁለት ጊዜ ቢስሚላህ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



ባለፈው ዓመት እዚሁ ለንደን፣ በቤታችን ጓሮ ውስጥ ለሥጋና ለእንቁላል ብዬ ድርጭት አርብቼ ነበር። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን እርባታ ለማስተማር አይደለም። የእህቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ጠይቃኝ በቅጡ ሳልመልስላት ስለቀረሁ ነው። 16 ዓመቷ ነው፤ እንደ ብዙዎቻችሁ እዚህ ተወልዳ እዚህ ያደገች ናት። የድርጭቱ ወጥ በቀረበበት ምሽት ሳህኑን እያየች እንዲህ አለችኝ፦ «አጎቴ፣ ስታርዱ ቢስሚላህ የምትሉት ማንን ፈቃድ እየጠየቃችሁ ነው? ድርጭቷን እንደሆነ አልጠየቃችኋትም።»

እኔም ሳቅ አልኩና «በይ አሁን እንጀራሽን ብዪ» አልኳት። እሷ ግን ወጡን ሳትነካ ተነሳች። በኋላ ሳስበው አፈርኩ። ልጅ ከልቧ ስትጠይቅ በሳቅ ማለፍ መልስ አይደለም። ብዙዎቻችሁም ተመሳሳይ ጥያቄ በልባችሁ ይዛችሁ፣ ትልልቆቹ ይቆጣሉ ብላችሁ ዝም እንደምትሉ አውቃለሁ። ስለዚህ ያን ምሽት መመለስ የነበረብኝን ዛሬ ለሁላችሁም ልሞክር።

መጀመሪያ ስለ ወፏ ጥቂት ልበል። ድርጭት ከቆቅም ከጅግራም የምታንስ፣ ድቡልቡል ያለች፣ ከመብረር ይልቅ ሣር ውስጥ መደበቅ የምትወድ ወፍ ናት። በኢትዮጵያ ደጋ፣ በእህል ማሳ አካባቢ ያደጉ ወላጆቻችሁን ብትጠይቋቸው ያውቋታል። በቁርኣን ውስጥ ደግሞ ሙሳ (ዐ.ሰ) ሕዝባቸውን ይዘው በበረሃ ሳሉ አላህ (ሱ.ወ) ከመና ጋር ሰልዋን እንዳወረደላቸው እናነባለን። ብዙዎቹ ሙፈሲሮች ሰልዋ ድርጭት ወይም እሷን የምትመስል ወፍ ናት ይላሉ። ታሪኩ በሦስት ሱራዎች ውስጥ ተጠቅሷል፦ በአል-በቀራህ፣ በአል-አዕራፍና በጧሃ። በሦስቱም ቦታ ወዲያው ተከትሎ የሚመጣው ከሰጠናችሁ መልካም ነገር ብሉ የሚለው ትእዛዝ ነው፤ ቃሉም «ጦይባት» ነው። በጧሃ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል፦ በዚሁ ሲሳይ ወሰን እንዳያልፉ ይነገራቸዋል። ልብ በሉ! ምግቡ ሐላል መሆኑ የማያጠራጥር፣ በቀጥታ ከአላህ የመጣ ነው። እንዲያም ሆኖ ወሰን አለው።

የሰው ልጅ በዚህች ወፍ ላይ ወሰን ማለፉ ደግሞ የቆየ ታሪክ ነው። ድርጭቶች በየዓመቱ በመከር ወራት ከአውሮፓ ተነስተው ሜዲትራኒያንን ያቋርጣሉ። ግብፅ ዳርቻ ሲደርሱ ደክመው ያርፋሉ፤ እዚያም መረብ ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። ለዕለት ምግብ የሚያጠምድ ድሃ ገበሬ አንድ ነገር ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ግን ድርጭቶች ለሀብታሞች ገበታ ሲባል ከነሕይወታቸው በሣጥን እየታጨቁ፣ ለንደንን ጨምሮ ወደ አውሮፓ ከተሞች በመርከብ ይላኩ ነበር። ነገሩ ልኩን ስላለፈ የእንግሊዝ ፓርላማ በ1937 ለድርጭት ብቻ የሚሆን ሕግ አወጣ፤ በመራቢያቸው ወቅት በሕይወት ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ።

ዛሬ በየሱቁ የምናገኘው የዱር ድርጭት አይደለም፤ የጃፓን ድርጭት የሚባለው የእርባታ ዝርያ ነው። እንደ መሐንዲስ ሳየው ይህ ወፍ አስደናቂ ነው። እንቁላሉ በ17 ወይም በ18 ቀን ይፈለፈላል። ጫጩቱ ሲወጣ 10 ግራም እንኳ አይሞላም። በ6 ሳምንት ለሥጋ ይደርሳል፤ ሴቷም በዚያው ሰሞን እንቁላል መጣል ትጀምራለች። ትንሽ ቦታ፣ ትንሽ መኖ፣ ፈጣን ውጤት። ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሥርዓት ሆኖ ሲታይ እጅግ ቀልጣፋ የሆነ ነገር፣ ነፍስ ያለው መሆኑ በቀላሉ ይረሳል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ከ2012 ጀምሮ ለዶሮዎች የድሮው ዓይነት ጠባብ የሽቦ ቀፎ እዚህ አገር ተከልክሏል። ክልከላው የሚመለከተው ግን እንቁላል ጣይ ዶሮዎችን ነው፤ ድርጭት በውስጡ የለችም። እናም አንዲት ድርጭት ዕድሜ ልኳን አፈር ሳትጭር በቀፎ ውስጥ ትኖርና በመጨረሻ አንድ ሙስሊም ቢስሚላህ ብሎ ያርዳታል፤ ከዚያ «ሐላል» የሚል ወረቀት ይለጠፍባታል። እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ ፈትዋም አልሰጥም። ወረቀቱ ውሸት ነው አላልኩም። የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ወረቀቱ የሚናገረው ስለ መጨረሻዎቹ ሰከንዶች ብቻ ከሆነ፣ ስለ ቀሩት 6 ሳምንታት ማን ይጠየቃል?

ይህን ጥያቄ ያስተማረኝ የራሴ ጥፋት ነው። 30 እንቁላል በማስፈልፈያ አስገብቼ 23 ጫጩት ወጣልኝ። በእንግሊዝ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ አንዲት ዶሮ ወይም ድርጭት በጓሮው የሚያኖር ሰው እንኳ መመዝገብ ስላለበት ተመዝገብኩ። ቤታቸውንም ራሴ ሠራሁላቸው። ቁመቱን 60 ሴንቲ ሜትር አደረግሁት፤ ሰፋ ያለ ነገር መልካም ነው ብዬ አሰብኩ። ያላነበብኩት ነገር ነበር። ድርጭት ስትደነግጥ ወደ ጎን አትሮጥም፤ እንደ ቀስት ቀጥ ብላ ወደ ላይ ትፈናጠራለች። አንድ ሌሊት የለንደን ቀበሮ ጓሮአችን ገባ። ጠዋት ስወጣ ሁለት ድርጭቶች ጭንቅላታቸውን ከጣሪያው ሽቦ ጋር አጋጭተው ሞተው አገኘሁ።

ሁለቱን በእጄ ይዤ ቆምኩ። ገና ይሞቃሉ። ግን አይበሉም፤ ሳይታረዱ የሞቱ በክት ናቸው። ያኔ ትዝ ያለኝ ነሳኢ የዘገቡት ሐዲስ ነው። ድንቢጥን ወይም ከድንቢጥ በላይ የሆነን ያለ ሐቋ የገደለ ሰው አላህ ዘንድ ይጠየቅባታል የሚል ነው። የአላህ መልእክተኛን (ሰ.ዐ.ወ) ሐቋ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቋቸው፣ አርዶ መብላት እንጂ አንገቷን ቆርጦ መጣል እንዳልሆነ ነገሯቸው። እኔ ሁለቱን ጣልኳቸው። አስቤ አልገደልኳቸውም፤ ነገር ግን አለማወቄን ማንም አልጫነብኝም። ነፍስ ከመረከቤ በፊት መማር እችል ነበር።

ከዚያ መፍትሔ ፈለግሁ። የተለመደው መፍትሔ ጣሪያውን ዝቅ ማድረግ ነው። ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ወፏ ኃይል ሳታጠራቅም ጣሪያውን ትነካለች፣ ጭንቅላቷም አይጎዳም። አደረግሁት፤ ሠራም። ከዚያ ወዲህ አንድም አልሞተም። ሥራ ቦታ ቢሆን ችግሩ ተፈታ ብዬ ፋይሉን እዘጋው ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ቁጭ ብዬ ሳያቸው ጥያቄ መጣብኝ። የፈታሁት የማንን ችግር ነው? ፍርሃታቸው አሁንም አለ፤ እኔ የከለከልኳቸው ከፍርሃት መሞትን ብቻ ነው። ኪሳራዬን ቀነስኩ እንጂ ጭንቀታቸውን አልቀነስኩም።

እንደገና ሠራሁት። ጣሪያውን ከፍ አድርጌ በሽቦው ፋንታ ለስላሳ መረብ ወጠርኩ። ውስጡ መደበቂያ እንዲያገኙ ሣርና ቅርንጫፍ ጨመርኩ፣ ላባቸውን የሚያጸዱበት ደረቅ አሸዋ በትሪ አቀረብኩ፣ ቤቱንም ቀበሮው ከሚመላለስበት አጥር አራቅሁት። ወጪው እጥፍ ሆነ። የሥጋቸው ክብደት ግን በአንድ ግራም አልጨመረም። ሐላል መሆናቸውም በዚህ አልተለወጠም። ታዲያ ምን ተለወጠ? የተለወጠው እኔ ከአማናው ጋር ያለኝ ነገር ነው። አላህ በሱረቱል አንዓም ውስጥ በክንፎቿ የምትበር ወፍ ሁሉ እንደ እኛው ያለ ሕዝብ እንደሆነች ይነግረናል። ሕዝብ ከሆኑ፣ በእኔ ስሌት ውስጥ ቁጥር ብቻ ሊሆኑ አይችሉም።

ስድስት ሳምንት ሞላ። ከ21ዱ 12ቱ ወንዶች፣ 9ኙ ሴቶች ነበሩ። ወንዶቹ አብረው ሲያድጉ ይደባደባሉ፣ ይጮኻሉም፤ ለሥጋ የታሰቡት እነሱ ናቸው። እዚህ ላይ ለወንድሞቼ አደራ ልበል፦ ጓሮአችሁ ውስጥ ለማረድ እንዳትሞክሩ። በዚህ አገር ሕግ ሳያደነዝዙ ማረድ ለሃይማኖት ሲባል የተፈቀደው በታወቀ ቄራ ውስጥ፣ የብቃት ፈቃድ ባለው ሰው እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ 12ቱን በሣጥን አድርጌ ከለንደን ውጭ አንድ ትንሽ ቄራ ወሰድኳቸው።

አራጁ በዕድሜ የገፉ ሙስሊም አባት ናቸው። ቢላዋቸውን የሳሉት እኔ ከመድረሴ በፊት ነው። ሣጥኑን ከግድግዳው ጀርባ አስቀመጡት፤ አንዱ የሌላውን እንዳያይ። እያንዳንዱን በእጃቸው መዳፍ ይዘው እስኪረጋጋ ይጠብቃሉ፣ ቢስሚላሂ አላሁ አክበር ይላሉ፣ ይቆርጣሉ። ከዚያ ይጠብቃሉ። ሕጉ ሳይደነዝዝ ለታረደ እንዲህ ያለ ወፍ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይሞላ ሌላ ሥራ እንዳይጀመር ያዛል። እሳቸው ግን ሰዓት አያዩም ነበር፤ ወፉን ነበር የሚያዩት። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ እኔ ሰዓቴን ስመለከት አዩኝ። በትሕትና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ለእኔና ለአንተ ይህች ሰባተኛዋ ናት። ለዚህች ነፍስ ግን ሌላ የላትም።»

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገ፣ ስናርድም አሳምረን እንድናርድ፣ ቢላችንን እንድንስል፣ የምናርደውን እንድናሳርፍ እንዳዘዙ ሙስሊም ዘግበዋል። ይህን ሐዲስ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ትርጉሙን ያየሁት ግን በዚያ ቀን፣ በእኚያ አባት እጅ ላይ ነው። ሰዓቴን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ያሳፈረኝም ይኸው ነው።

አሁን አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። በብሪታንያ በዓመት ከ1 ቢሊዮን በላይ ዶሮ ይታረዳል። በዓመት ውስጥ ያሉት ሰከንዶች 31.5 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ይህ ማለት ቀንም ሌሊትም ሳይቋረጥ በእያንዳንዱ ሰከንድ ከ30 በላይ ዶሮ ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት ለእያንዳንዷ ነፍስ ሌላ የላትም የሚል ሰው የት ይቆማል? ጥያቄው የሙስሊሙ ብቻ አይደለም፤ የአገሩ ሁሉ ነው። ግን እኛ ለነፍስ ሁሉ ስም የምንጠራ ሕዝብ ስለሆንን፣ ከሌላው ይልቅ ለእኛ ሊከብደን ይገባል።

ወደ ቤት ስመለስ ቆዳቸውን ከነላባቸው ገፍፌ፣ አጥቤ፣ አቀዝቅዤ ለእናቴ ሰጠኋት። የአንዱ ሥጋ 130 ግራም ቢሆን ነው። እናቴ አንዱን በእጇ ገልብጣ አየችና «ይሄንን ነው 12 ብልት የማወጣው?» ብላ ሳቀች። ታውቃላችሁ፣ ዶሮ ለወጥ ሲሠራ በ12 ብልት ይከፈላል፤ ፈረሰኛው፣ ክንፉ፣ ቅልጥሙ ለእንግዳና ለቤተሰብ ይደርሳል። ድርጭት አይከፈልም፤ ለአንድ ሰው አንድ ነው። በመጨረሻ 12ቱን እንዳሉ ድስት ውስጥ ከተተቻቸው። ድስቱን ሳየው ሳቄ ጠፋ። በአንድ ዶሮ ድስት ውስጥ 12 ብልት አንድ ነፍስ ነው። በዚህ ድስት ውስጥ ግን 12 ነፍስ አለ። ለዒድ በሚታረደው አንድ በግ ሥጋ ፋንታ ድርጭት ብናቀርብ 150 ያህል ያስፈልገን ነበር። ለበጉ አንድ ቢስሚላህ፣ ለእነዚህ 150 ቢስሚላህ። እንስሳው ሲያንስ ነፍሱ አያንስም፤ የምንጠየቅባቸው ነፍሶች ቁጥር ግን ይበዛል።

እንግዲህ ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። ቢስሚላህ ስንል የድርጭቷን ፈቃድ እየጠየቅን አይደለም። ፈቃዱ የባለቤቷ ነው። ያቺ ነፍስ የእኔ አይደለችም፣ የቄራውም አይደለችም፣ የራሷም እንኳ አይደለችም። የፈጠራት እንድበላት ባይፈቅድልኝ ኖሮ ላባዋን የመንካት መብት አልነበረኝም። ቢስሚላህ ይህንን አምኖ መናገር ነው፦ በስሜ አላደርገውም፣ በጉልበቴ አላደርገውም፣ በባለቤቷ ስምና ፈቃድ ነው።

አሁን ይህን አስቡ። አንድ ሰው ለስድስት ሳምንት የቤቱን ቁልፍ አደራ ሰጥቷችሁ ሄደ እንበል። እናንተ ቤቱን አቆሸሻችሁ፣ ዕቃውን ሰበራችሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ባለቤቱን አላሰባችሁም። ስትወጡ ግን በሩ ላይ ቆማችሁ ስሙን በክብር ጠራችሁ። ስሙን መጥራታችሁ ትክክል ነው፤ ያለሱም መውጣት አይገባም። ግን ባለቤቱ ሲመለስ የሚጠይቃችሁ ስለ በሩ ብቻ ይመስላችኋል? እኔ ለእህቴ ልጅ ማለት የነበረብኝ ይህ ነው፦ ልክ ነሽ፤ ባለቤቱን በመጨረሻዋ ሰከንድ ብቻ ካስታወስነው ቢስሚላሃችን ቃል ሆኖ ይቀራል። ቢስሚላህ ከእንቁላሉ ጀምሮ ነው።

ይህን ስናገር እናቴ አንድ ነገር ተቃወመችኝ፤ ተቃውሞዋ ቀላል አይደለም። በ77ቱ ድርቅ ወሎ የነበረች ሰው ናት። «ሥጋ በዓመት ስንቴ እናይ ነበር? ጠግባችሁ ነው ስለ ድርጭት ጭንቀት የምትጨነቁት» አለችኝ። እውነቷን ነው። እዚህም ለንደን ውስጥ አምስት ልጅ የምታሳድግ እናት ርካሹን ሐላል ዶሮ ስትገዛ፣ ጓሮ ያለው መሐንዲስ ተነስቶ ሊወቅሳት አይገባም። የእኔ ድርጭቶች መኖውም ሽቦውም ነዳጁም ሲደመር ከሱቁ ብዙ እጥፍ ነው የፈጁት። ድሃውን የሚያሸማቅቅ ጽድቅ ጽድቅ አይደለም።

ግን የእናቴን የራሷን ነገር አስታወስኳት። ልጅ ሆኜ ትነግረኝ ነበር፦ አያቴ ዶሮ ልታሳርድ ስትል ውሃ ሳታጠጣት ለአራጅ አትሰጥም። በዚያ ድህነት ውስጥ፣ ውሃውም ከሩቅ ተቀድቶ። ዶሮዋም ቀኑን ሙሉ ጓሮ ስትጭር የዋለች ናት። ኢሕሳን የጥጋብ ቅንጦት ቢሆን ኖሮ አያቴ ባላወቀችው ነበር። እናቴ ዝም አለችና «እሱስ እውነት ነው» አለች። እኛን የሚለየን እንግዲህ መጥገባችን አይደለም፤ አለማየታችን ነው። አያቴ የምትበላውን ታየው ነበር። እኛ የምናየው ወረቀቱን ነው።

ሥጋ መብላት ለተዋችሁ ወይም ለመተው ለምታስቡም አንድ ቃል አለኝ። አላህ የፈቀደውን ሐራም ነው እስካላላችሁ ድረስ አለመብላት ኃጢአት አይደለም፤ ማንም ሥጋ እንድትበሉ ሊያስገድዳችሁ አይችልም። የእምነታችሁ መለኪያም ሥጋ አይደለም። ግን ርኅራኄያችሁን ከዲናችሁ ውጭ ያገኛችሁት እንዳይመስላችሁ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር ልጆች ወፍ አስረው ዒላማ አድርገው ሲወረውሩባት አግኝተው፣ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን የሚያደርገውን እንደረገሙ ነግረዋቸዋል። ይህ ከ1400 ዓመት በፊት የተባለ ነው።

ምን እናድርግ ብትሉ፣ ሁሉም ሰው ጓሮው ውስጥ ወፍ ያርባ አልልም። ሱቅ ስንገባ «ሐላል ነው?» ብለን መጠየቅ እንወዳለን፤ መልካም ነው። ሁለት ጥያቄ እንጨምርበት። እንዴት ኖረ? ስንቱስ ተጣለ? ሻጩ መልሱን ባያውቀው እንኳ፣ ደንበኛ ሲደጋግም ከጠየቀ ነጋዴ መፈለግ ይጀምራል። ሊሆን እንደሚችልም ማስረጃ አለ፤ ኦክስፎርድ አቅራቢያ ዊሎውብሩክ የሚባለውን እርሻ አንድ ሙስሊም ቤተሰብ በ2002 ጀምሮ ሐላልና ጦይብን አንድ ላይ ይዞ ሲሠራበት ቆይቷል። አቅም የሌለው ደግሞ ሳምንት ሙሉ ከመብላት ቀነስ አድርጎ የበላውን ሳይጥል ቢበላ ሐቁን አከበረ። ድንቢጧ የምትጠይቀን ያንን ነው።

የቀሩት 9 ሴት ድርጭቶች እስከ ዛሬ ጓሮአችን ውስጥ አሉ። ቅዳሜና እሑድ መኖ የምትሰጣቸው፣ አሸዋቸውን የምትቀይረው የእህቴ ልጅ ናት። እንቁላላቸውን ትበላለች። ሥጋውን ገና አልወሰነችም፤ እኔም አልጎተጉታትም። ባለፈው ሳምንት የቤታቸውን በር ስትከፍት ሰማኋት። መኖውን ከማፍሰሷ በፊት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቢስሚላህ» አለች።

አላህ የምንበላውን ሐላልም ጦይብም ያድርግልን። በእጃችን ባስቀመጣት በእያንዳንዷ ነፍስ ላይ ኢሕሳንን የምናሳይ ያድርገን። ካጠፋሁ ከራሴ ነው፤ ከተናገርኩት ትክክል የሆነው ከአላህ ነው። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።